የኤፕኮት ፓቪሊዮኖች ዕጣና የአድናቂዎቹ ክርክር

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ኤፕኮት የተባለው የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ የመዝናኛ ፓርክ ከተከፈተ ከ40 ዓመታት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ፓርኩን አዘውትረው የሚጎበኙና ታሪኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ አድናቂዎች ያላቋረጡት አንድ ክርክር አለ። የትኛው ፓቪሊዮን ይቆይ? የትኛው ይፍረስ? በፈረሰው ምትክስ ምን ይሠራ?

ከሩቅ ለሚያየው ነገሩ የልጆች መጫወቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን በክርክሩ ውስጥ ሁለት ከበድ ያሉ ጥያቄዎች አሉ። ለሕዝብ ዕውቀት እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራ ቦታ ገንዘብ ከፋዩ ሲለወጥ ምን ይሆናል? የአንድን አገር ታሪክስ በሰው ግቢ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የክርክሩን አመጣጥ፣ የተከራካሪዎቹን አቋምና ጉዳዩ ከሕግ አንፃር ምን እንደሚመስል ባጭሩ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማ ሊሆን ታስቦ ፓርክ የሆነው

ኤፕኮት የሚለው ስም የተገኘው “የነገው ኅብረተሰብ የሙከራ ናሙና” የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ዋልት ዲዝኒ ሐሳቡን በ1966 በፊልም ሲያስረዳ ያለመው 20 ሺህ ያህል ሰዎች የሚኖሩበት፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚሞከሩበት እውነተኛ ከተማ ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 ቀን ሕይወቱ አለፈ። የፍሎሪዳ ምክር ቤት በ1967 ባወጣው ሕግ ለኩባንያው መሬት ልዩ የአስተዳደር ወረዳ ቢያቋቁምም፣ የታሰበው ከተማ ግን አልተሠራም።

ተተኪዎቹ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። ኩባንያው ከ1964 እስከ 1965 በኒውዮርክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለፎርድ፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ለፔፕሲ ኮላና ለኢሊኖይ ግዛት ትርዒቶችን ሠርቶ ነበር። ከዚያ የተቀሰመው ትምህርት ትርዒቱን እኛ እንሠራለን፣ ወጪውን ሌላው ይሸፍናል የሚል ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 1982 የተከፈተው ኤፕኮትም በዚሁ ስሌት የቆመ፣ የማይዘጋ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር ማለት ይቻላል።

ፓርኩ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው “ፊውቸር ወርልድ” ወይም የነገው ዓለም የሚባለው ሲሆን፣ ኢነርጂን፣ መጓጓዣን፣ ግብርናን፣ መገናኛንና የመሳሰሉትን የሚያስረዱ ግዙፍ ፓቪሊዮኖች የተሰለፉበት ነው። ሁለተኛው “ወርልድ ሾውኬዝ” ይባላል። በአንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ ሜክሲኮ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ካናዳ እያንዳንዳቸው በሕንፃ ጥበባቸው፣ በምግባቸውና በሸቀጣቸው የሚታዩበት ነው። በ1984 ሞሮኮ፣ በ1988 ደግሞ ኖርዌይ ተጨምረው አገሮቹ 11 ሆኑ። ከ1988 ወዲህ አንድም አገር አልተጨመረም።

ስፖንሰሩ ሲሄድ

የፓቪሊዮኖቹን ዕጣ ለመረዳት ውላቸውን መመልከት ይበቃል። የኢነርጂውን ፓቪሊዮን ኤክሰን፣ የመጓጓዣውን ጄኔራል ሞተርስ፣ የምናብን ፓቪሊዮን ኮዳክ፣ የግብርናውን መጀመሪያ ክራፍት ኋላም ኔስሌ፣ ሉል ቅርፅ ያለውንና የመገናኛን ታሪክ የሚተርከውን “ስፔስሺፕ ኧርዝ” መጀመሪያ ቤል ሲስተም፣ ቀጥሎ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ከዚያም ሲመንስ ስፖንሰር አድርገዋል። ውሎቹ የጊዜ ገደብ ነበራቸው። ውል ሲያበቃ የሚታደስበት ገንዘብ ያጥራል፤ የማይታደስ ትርዒት ደግሞ ያረጃል። የነገውን ዓለም አሳያለሁ ለሚል ቦታ ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ “ነገ” ብሎ ያሳየው ትናንት ሆኖ ይገኛልና።

አድናቂዎች ዘወትር የሚያነሡት ምሳሌ “ሆራይዘንስ” የተባለው ነው። በ1983 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ስፖንሰርነት ተከፈተ። ጎብኚው በሚንቀሳቀስ ወንበር ተቀምጦ የወደፊቱን ኑሮ በበረሃ፣ በባሕር ሥርና በህዋ ያያል። በመጨረሻም የጉዞው ማብቂያ በየትኛው በኩል ይሁን የሚለውን በአንድ መቀመጫ ያሉት ሰዎች አዝራር ተጭነው በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ስፖንሰርነት በ1993 አበቃ። ትርዒቱ በ1999 ተዘጋ፣ በ2000 ሕንፃው ፈረሰ፣ በ2003 በቦታው የህዋ ጉዞን የሚያስመስል መጫወቻ ተከፈተ። ጎብኚዎች መጨረሻውን በድምፅ ይመርጡበት የነበረው ትርዒት፣ ስለራሱ መጨረሻ ድምፅ የሰጠለት ጎብኚ አልነበረም።

የኢነርጂው ፓቪሊዮን ታሪክም ተመሳሳይ ነው። የኤክሰን ስፖንሰርነት በ2004 ካበቃ በኋላ ለ13 ዓመታት ያህል ያለ ስፖንሰር ቆይቶ በ2017 ተዘጋ፤ በ2022 በቦታው ከፊልም ጀግኖች የተቀዳ ፈጣን የባቡር መጫወቻ ተከፈተ። በ2021 ደግሞ ፊውቸር ወርልድ የሚለው ስም ራሱ ቀርቶ አካባቢው በሦስት ሰፈሮች ተከፈለ።

ሁለቱ ወገኖች

በዚህ ላይ አድናቂዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። ነባሩ ይጠበቅ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው እንዲህ ነው። ኤፕኮት ከሌሎቹ የዲዝኒ ፓርኮች የሚለየው ጎብኚውን እንደ አዋቂ ቆጥሮ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ታሪክና ስለ አገሮች ስለሚነግረው ነው። የፊልም ገጸ ባሕርያት የትም ይገኛሉ፤ ስለ መገናኛ ታሪክ ከዋሻ ሥዕል እስከ ኮምፒዩተር በወንበር ተቀምጦ የሚታይበት ቦታ ግን ብዙ የለም። እያንዳንዱ ፓቪሊዮን በፊልም ማስታወቂያ ከተተካ ፓርኩ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል ይላሉ።

ለውጥ ይምጣ የሚሉት ደግሞ መልስ አላቸው። አንደኛ፣ በ1980ዎቹ የነበረው “ትምህርት” ከማስታወቂያ ነፃ አልነበረም። ስለ ኢነርጂ የሚያስተምረው ነዳጅ ሻጭ፣ ስለ መጓጓዣ የሚያስተምረው መኪና አምራች ነበር። ሁለተኛ፣ ወረፋ የማይሰለፍበትን ትርዒት ማንም በኪሳራ አያቆይም። ሦስተኛ፣ ትናንትናን መጠበቅ ሁልጊዜ በጎ ነገር አይደለም። ለዚህ የሚጠቅሱት በአጎራባቹ ማጂክ ኪንግደም ፓርክ የነበረውን “ስፕላሽ ማውንቴን” ነው። ይህ መጫወቻ በ1946 የወጣና ከባርነት ማግሥት የነበሩ ጥቁሮችን ኑሮ አሳምሮ በማቅረቡ ለረዥም ጊዜ የተወቀሰ ፊልምን መሠረት ያደረገ ነበር። ኩባንያው በ2020 እንደሚቀይረው ሲያስታውቅ ይቀየር የሚሉም አይቀየር የሚሉም ፊርማ አሰባሰቡ። በ2023 ተዘግቶ በ2024 የኩባንያው የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት በሆነችው በቲያና ታሪክ ተተካ።

የሁለቱንም ወገን ክርክር ለሚመዝን ሰው ነጥቡ ለውጥ መኖር አለመኖሩ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጥያቄው ለውጡ የቦታውን ዓላማ ተከትሎ ነው ወይስ ጥሎ? የሚለው ነው።

አንድ የተሸነፈ፣ አንድ ያሸነፈ ዘመቻ

“ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው” ይባላል። የኤፕኮትና የአጎራባቾቹ አድናቂዎች ግን ባለቤቱን ስለ ንብረቱ ሊመክሩት ሲነሡ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ሁለት ዘመቻዎችን አነጻጽሮ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በማጂክ ኪንግደም የነበረውን “ሚስተር ቶድስ ዋይልድ ራይድ” የተባለ መጫወቻ ለማዳን በ1997 የተጀመረው ነው። አድናቂዎች ልዩ ካናቴራ አሠርተው እየለበሱ በፓርኩ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ደብዳቤና ፖስትካርድ ላኩ፤ ጉዳዩም ለጋዜጦች ዜና ሆነ። አልተሳካም። መጫወቻው ሴፕቴምበር 1998 ተዘግቶ በዊኒ ዘ ፑህ ተተካ።

ሁለተኛው የ“ፊግመንት” ነው። በምናብ ፓቪሊዮን ውስጥ በ1983 በተከፈተው ትርዒት ድሪምፋይንደር የተባለ ባለ ጺም ሰውዬና ፊግመንት የተባለ ወይን ጠጅ ትንሽ ዘንዶ ጎብኚውን ይመሩ ነበር። ሁለቱም ከፊልም የመጡ አይደሉም፤ ለዚያ ፓቪሊዮን ተብለው የተፈጠሩ ናቸው። ትርዒቱ በ1998 ተዘግቶ በ1999 እንደ አዲስ ሲከፈት ድሪምፋይንደር ጠፍቶ፣ ፊግመንትም ብልጭ ብሎ ከመታየት በቀር ቦታ አጥቶ ተገኘ። የጎብኚው ቅሬታ ከባድ ስለነበር ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2001 ተዘጋ፤ በ2002 ፊግመንት ወደ ዋናው ቦታው ተመልሶ እንደገና ተከፈተ። በ2022 መጀመሪያ ላይ የፊግመንት ምስል ያለበት የፈንዲሻ መያዣ ለመግዛት ሰዎች ለሰዓታት መሰለፋቸው፣ ባለቤቱ ሊተወው የነበረው ዘንዶ ምን ያህል ገበያ እንዳለው አሳይቷል።

የሁለቱ ልዩነት ምንድነው? የቶድ ደጋፊዎች የተቃወሙት ገና ያልተፈጸመን ውሳኔ ሲሆን፣ የሚተካው ደግሞ ከቶድ የበለጠ ገበያ ያለው ገጸ ባሕርይ ነበር። የፊግመንት ደጋፊዎች ቅሬታ ግን በራሱ በጎብኚው አለመርካት ታገዘ፤ ኩባንያው ያወጣው ገንዘብ እንዳላዋጣው በዓይኑ አየ። የአድናቂ ድምፅ ኃይል የሚያገኘው ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ሲገጥም ነው ማለት ነው። በ2025 ታድሶ የተከፈተው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መጫወቻ በ1982 በዚያው ቦታ የነበረውን ትርዒት ሆን ብሎ ማስታወሱም ትዝታ ራሱ ገበያ መሆኑን ኩባንያው እንደተረዳ ያሳያል።

የኖርዌይ ነገር

የክርክሩ ትልቁ እሳት የተነሣው ግን በአገሮቹ በኩል ነው። የኖርዌይ ፓቪሊዮን ሲሠራ የአገሪቱ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ጎብኚው በጀልባ ተሳፍሮ ቫይኪንጎችን፣ ትሮል የተባሉትን የአፈ ታሪክ ፍጡራንና በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅ ማውጫ እያየ ያልፋል፤ ሲወርድም ስለ አገሪቱ አጭር ፊልም ያያል። መዋጮ ያደረጉት ኩባንያዎች በ1992 ድርሻቸውን ለዲዝኒ ሸጡ። የኖርዌይ መንግሥት ለተወሰኑ ዓመታት ሲሰጥ የቆየውን ዓመታዊ ድጋፍም በ2002 አቆመ።

ከ2002 በኋላ ጀልባዋም ፊልሙም ሳይታደሱ ቀሩ። በ2013 “ፍሮዝን” የተባለው የካርቱን ፊልም በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ገቢ አስገኘ። የፊልሙ መንግሥት አሬንዴል ትባላለች፤ መልክዐ ምድሯ ከኖርዌይ ቢቀዳም በካርታ ላይ የለችም። ኦክቶበር 2014 የጀልባው ትርዒት ተዘጋ፤ ጁን 2016 በዚያው የውኃ መስመር ላይ የፍሮዝን ትርዒት ተከፈተ። ወረፋው ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነባሩን የሚደግፉት አድናቂዎች እውነተኛ አገር በተረት መንግሥት ተተካ ሲሉ፣ ሌሎቹ ትሮሎቹስ ቢሆኑ መቼ እውነተኛ ነበሩ? ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ያልተሳሳቱበት ነገር አለ። ነገር ግን ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ሐቅ ቀላል ነው። ኖርዌይ ከፋይ በነበረችበት ጊዜ ተሰሚነት ነበራት፤ መክፈሏን ስታቆም ተሰሚነቷም አብሮ ቀረ። ቀደም ሲል በ2007 የሜክሲኮ የጀልባ ጉዞ ለዶናልድ ዳክና ለጓደኞቹ ተሰጥቷል፤ በ2021 በፈረንሳይ ፓቪሊዮን የምግብ አብሳዩ አይጥ ትርዒት ተከፍቷል።

ኩባንያው የተረት መንግሥት የሚመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1999 ለሚሊኒየሙ በዓል በኤፕኮት በተዘጋጀው የአገሮች መንደር ውስጥ እስራኤል ስለ ኢየሩሳሌም ትርዒት ስታቀርብ የዓረብ አገሮች በዲዝኒ ላይ የማዕቀብ ጥሪ እስከማሰማት ደረሱ። ኩባንያው ከተማዋን የእስራኤል ዋና ከተማ ብሎ የሚገልጽ ነገር እንደማይኖር አስታውቆ ነገሩ በረደ። አሬንዴል ግን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የላትም። ማንም ስለ ድንበሯም ሆነ ስለ ዋና ከተማዋ አቤቱታ አያቀርብም።

ያልተሠራው የአፍሪካ ፓቪሊዮን

በ1982 ኤፕኮት ሲከፈት ወደፊት ይሠራሉ ተብለው ከተነገሩት መካከል እስራኤል፣ ስፔንና የምድር ወገብ አፍሪካ ይገኙበታል። “ሩትስ” የተባለው መጽሐፍ ደራሲ አሌክስ ሄሊ በመክፈቻው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ስለ አፍሪካው ፓቪሊዮን አስረድቷል። ቦታው በቻይናና በጀርመን መካከል ነበር። ዛሬ እዚያ ያለው ለስላሳ መጠጥና የእጅ ሥራ የሚሸጥበት አነስተኛ መቆሚያ ነው። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀርቷል።

አፍሪካ በሐይቁ ዙሪያ ፈጽሞ የለችም ማለት አይደለም። ሞሮኮ አለች። እርሷ ግን የቆመችው በንጉሥ ሐሰን ዳግማዊ መንግሥት ድጋፍ ነው፤ ሞዛይኩንና የእንጨት ቅርጹን የሠሩት ንጉሡ ከአገራቸው የላኳቸው የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ደግሞ በ1998 በተከፈተው አኒማል ኪንግደም በተባለው ሌላው የኩባንያው ፓርክ ውስጥ ቦታ አግኝታለች። በዚያ “ሐራምቤ” የምትባል የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አለች፤ ጎብኚው ከእርሷ ተነሥቶ አንበሳና ዝሆን ሊያይ ይሄዳል። ሐራምቤ የፈጠራ ከተማ ናት። ስለዚህ ኖርዌይ እንደ አገር ገብታ ኋላ በተረት ስትተካ፣ የእኛ አካባቢ ግን መጀመሪያውኑ በአገርነት ሳይሆን በአራዊትና በተረት ከተማ ነው የገባው። አፍሪካ ፓቪሊዮኗን ታግኝ የሚለው ሐሳብ በአድናቂዎቹ ክርክር ውስጥ በየጊዜው የሚነሣ ቢሆንም፣ ማን ይክፈል? ለሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ሕጉ ምን ይላል?

ከሕግ አንፃር የአድናቂው ይዞታ ደካማ ነው። የመግቢያ ትኬት በአሜሪካ ሕግ በመርህ ደረጃ ለተወሰነ ጊዜ የመግባት ፈቃድ ነው፤ በውስጡ ባለው ነገር ላይ መብት አይሰጥም። ሕንፃው የኩባንያው ንብረት ነው። ገጸ ባሕርያቱ በቅጂ መብትና በንግድ ምልክት ሕግ የተጠበቁት ለባለቤታቸው ነው። በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሠዓሊና ቀራፂ ሥራዬ እንዳይበላሽ ብሎ እንዲከራከር ቢፈቅድም፣ ለቀጣሪ የተሠሩ ሥራዎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የፓርኩ ትርዒቶች በአብዛኛው በኩባንያው ተቀጣሪ ባለሙያዎች የተሠሩ ስለሆኑ ፈጣሪዎቹም ቢሆኑ የሚከራከሩበት ጠባብ ነው። የግንባታ ቁጥጥሩም ቢሆን ለአሥርት ዓመታት በ1967ቱ ልዩ ወረዳ ሥር ነበር፤ የፍሎሪዳ ግዛት የወረዳውን ቦርድ ሹመት በእጁ ያደረገው በ2023 ነው።

ሌላ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ የሚገኘው በ1927 የተሠራው “ሳይክሎን” የተባለ የእንጨት ሐዲድ መጫወቻ በ1988 በከተማው ሕግ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ መጫወቻ ቅርስ ሊሆን አይችልም የሚለው አባባል አይሠራም። ቅርስነት ግን በትዝታ ብቻ አይገኝም፤ የሚያውጀው አካል፣ የሚደነግግ ሕግና የሚጠብቀው በጀት ያስፈልገዋል። ኤፕኮት ሦስቱም የሉትም።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

አገራችን ለፓቪሊዮን እንግዳ አይደለችም። በ1967 በሞንትሪያል በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ኢትዮጵያ ቀይ ድንኳን መሳይ ፓቪሊዮን ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቦታው ተገኝተው ጎብኝተዋል። በዱባይ ኦክቶበር 2021 ተከፍቶ በማርች 2022 በተዘጋው ኤግዚቢሽንም ተሳትፋለች። እነዚህ ኤግዚቢሽኖች የሚመሩት በ1928 በፓሪስ በተፈረመው ስምምነት ነው። ትልቁ ኤግዚቢሽን ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ፓቪሊዮኑ በአብዛኛው ይፈርሳል። ጥቅሙ፣ አገሪቱ ስለ ራሷ የምትናገረውን ራሷ መወሰኗ ነው። ጉዳቱ፣ አጭር ጊዜ መሆኑ ነው። በግል መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ቃሉ ግን የባለቤቱ ነው።

ነገ አንድ የግል ኩባንያ፣ በፍሎሪዳም ይሁን በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ወይም አፍሪካን የሚያሳይ ቋሚ ቦታ ልሥራ ብሎ ቢመጣ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርቡ የሚገባቸው ነጥቦች ከዚህ ታሪክ ይገኛሉ። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ይዘቱ ሲለወጥ የአገሪቱ ስምምነት ይጠየቃል ወይ? ድጋፉ ሲቋረጥ የአገሪቱ ስም በደጁ ላይ ይቆያል ወይስ ይነሣል? የተሠራው ሥራ ከመፍረሱ በፊት ተቀርጾ የሚቀመጥበት ግዴታ አለ ወይ? ኖርዌይ ስሟ ዛሬም በፓቪሊዮኑ ላይ አለ፤ በውስጡ ግን ሰዎች የሚሰለፉት ለአሬንዴል ነው።

የኤፕኮት አድናቂዎች መብት ሳይኖራቸው ለአርባ ዓመት የተከራከሩት ለሚወዱት ቦታ ነው። የፈረሱት ትርዒቶች ዛሬ የሚታወሱትም በአብዛኛው እነርሱ በየቤታቸው ካሜራ በቀረጹት ምስል ነው። “ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም” የሚለው ተረት ለእነርሱ የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ እዚያ የሚጮኸው ጎረቤቱ ነው። አገር ግን ለገዛ ታሪኳ ጎረቤት መሆን የለባትም። ባለቤትነቷ የሚረጋገጠው ደግሞ ፓቪሊዮኑ ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን ውሉ ሲፈረም ነው።